የእኛ ጮማ፣ የእነሱ ቾማ

 

ዛሬ ብዕር ያነሳነው ስለ ሥጋ ልናወጋችሁ ነው። «በቆሎው ወር ሳይሞላው ባለቀበት ቤት የምን የሥጋ ወሬ ነው?» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። ልክ ነው። ራሽን ማለት እህል፣ ጥራጥሬና ዘይት ነው፤ ሥጋ የለበትም። ለአብዛኞቻችን ሥጋ የሚታየው ለፋሲካ፣ ለዒድ፣ ለመስቀል ወይም ጎረቤት ልጁን ሲድር ነው። ስለ ሥጋ መነጋገር ያለብን ግን በዚሁ ምክንያት ይመስለናል። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ የምትመጣ ቀን ደስ ብሎን የምንበላባት እንጂ ከሳምንት በኋላ በክሊኒክ ሰልፍ የምንቆምባት መሆን የለባትም።

ደግሞም ሥጋ በእኛ ዘንድ ምግብ ብቻ አይደለም። «እንዴት ትበላዋለህ?» የሚለው ጥያቄ «ማን ነህ?» ከሚለው ጋር ተጣብቆ የኖረ ነገር ነው። ይህንን በደንብ ያየነው አምና ፋሲካ፣ በአንድ ቅርጫ ላይ ነው።

የቅርጫው ዕለት

ኢስሊ አካባቢ የምንኖር ስምንት ቤተሰቦች ገንዘብ አዋጥተን አንድ በሬ ገዛን። እዚህ ከተማ ውስጥ እንደ አገር ቤት በግቢ ማረድ አይቻልም። ስለዚህ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ቄራ በራሳችን ሰው አሳርደን፣ የመርማሪው የቀለም ማኅተም ያረፈበትን ሥጋ በፒክአፕ ጭነን አመጣን። ሸራ አንጥፈን ስምንት መደብ ሠራን። ከሻኛው፣ ከሽንጡ፣ ከጎድኑ፣ ከታላቁና ከታናሹ ለየመደቡ እኩል እየተቆረጠ ተደለደለ። ጉበቱና ጨጓራው ሳይቀር ተከፋፈለ። ዕጣ ወጣ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰላም ነበር።

አብረን እንፈስካለን ተባብለን ስለነበር ከየመደቡ ትንሽ ትንሽ ተዋጣና ለመብላት ተቀመጥን። ጠቡ የመጣው እዚህ ላይ ነው። በዕድሜ ትልቃችን የሆኑት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው፣ ቢላዋቸውን ስለው ከሻኛው አንድ ጉርሻ ያህል ቆረጡና አዋዜ አስነክተው ከጎናቸው ለተቀመጠው ወጣት ዘረጉለት። ወጣቱ እጁን ሰበሰበ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እኔ ጥብሱን እጠብቃለሁ።»

«ምን ሆነሃል? አበሻ አይደለህም እንዴ?»

«ነኝ እንጂ ጋሼ። ጥሬ ግን ትቻለሁ። ባለቤቴም ነፍሰ ጡር ናት፤ እሷም አትበላም።»

«እናትህስ አንተን አርግዛ አልበላችም? ምን ሆንክ ታዲያ?»

ቤቱ ጸጥ አለ። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ከወዲያ በኩል አንዱ «ተዉት፣ ፈረንጅ ሆኗል» ብሎ ሳቀ። ሌላዋ ደግሞ «ኧረ ልክ ነው፣ ሰው ያላሰኘውን ይብላ እንዴ?» አለች። በዚህ መሐል እዚሁ ናይሮቢ ተወልዶ ያደገው ትንሹ ልጃችን «ጮማ ቁረጡለት» ሲባል ሰምቶ ከሰል ሊያቀጣጥል ብድግ አለ። በስዋሂሊ «ቾማ» ማለት በእሳት መጥበስ ነው፤ «ኛማ» ደግሞ ሥጋ። ለእኛ ጮማ ማለት ስብ ያለው፣ የሚያብረቀርቅ፣ በቢላ ተቆርጦ የሚበላው ነው። ለልጁ ቾማ ማለት እሳት ላይ የሚንጫጫው ነው። ሁላችንም ሳቅን። ሳቁ ጠቡን አበረደው እንጂ ጥያቄውን አልፈታውም። እውነት ጥሬ ያልበላ ሰው ከአበሻነቱ ይጎድላል?

በየቤቱ ያለው ምርጫ

እስቲ መጀመሪያ ይህን እንጠይቅ። አገር ቤት ሁሉም ሰው ጥሬ ይበላ ነበር ወይ? አልነበረም። በአንድ ቤት ውስጥ እንኳ ምርጫው ብዙ ነበር። በእኛ ቤት አባታችን ቁርጥ በሚጥሚጣና በሰናፍጭ ካገኙ ሌላ አይጠይቁም። እናታችን ግን ጥሬ ሥጋ አፋቸው ገብቶ አያውቅም፤ የሚወዱት አጥንት ያለበት ቅቅል ነው። ታላቅ ወንድማችን ክትፎ ለብ ለብ ይላል። እህታችን ደግሞ ጥብስ ሲቀርብላት «ትንሽ ይጨመርለት» እያለች እስኪደርቅ ታስጠብሳለች። ማንም ማንንም «አበሻ አይደለህም» ብሎ አያውቅም።

ጉራጌ ጎረቤቶቻችን ለመስቀል ክትፎውን ከቆጮ፣ ከአይብና ከጎመን ጋር ሲያቀርቡ በጣባ ጥሬውን ለሚወድ ጥሬ፣ ለብ ለብ ለሚወድ ለብ ለብ፣ የበሰለ ለሚወድ የበሰለ ያወጡ ነበር። ጥሬ ሥጋ የአንድ ሃይማኖት ወይም የአንድ ብሔረሰብ ብቻም አይደለም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የየራሱን አርዶ፣ የወደደ በጥሬው ያልወደደ አብስሎ ይበላ ነበር። የሥጋ ስማችን ብዛት ራሱ ይመስክር፦ ቁርጥ፣ ጎረድ ጎረድ፣ ክትፎ፣ ዱለት፣ ደረቅ ጥብስ፣ ዝልዝል፣ ቅቅል፣ አልጫ፣ ቀይ ወጥ፣ ቋንጣ። ከእነዚህ ውስጥ በጥሬ የሚበላው ጥቂቱ ነው። የሚበዛው እሳት ያየ ነው።

የኬንያ ሰው ደግሞ ሥጋን በጥሬው ሲበላ ብዙ አይታይም። ኛማ ቾማ የሚሉት ብዙ ጊዜ የፍየል ሥጋ ነው፤ በጨው ብቻ ታሽቶ በከሰል ላይ ቀስ ብሎ ይጠበስና በእንጨት ገበታ ላይ ተከትክቶ፣ በኡጋሊና በካቹምባሪ ይበላል። ናይሮቢ የመጣችሁ በኬንያታ ማርኬት ወይም በበርማ ገበያ አልፋችሁ ከሆነ ጢሱን ታውቁታላችሁ። የእኛ ልጆች የሚያድጉት በዚህ ጢስ ነው። «ጥሬ ይበላል» ስንላቸው ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። በዚህ ልንቆጣቸው አይገባም። ምላስ ባደገበት ቤት ይማራል።

ጥሬው ከየት መጣ?

ሽማግሌዎች ሲናገሩ እንደሰማነው ጥሬ ሥጋ መብላት ከጦር ሜዳ የመጣ ነው ይባላል፤ ወታደሩ ጢስ ጠላት እንዳያይበት እሳት ሳያነድ ይበላ ነበር ይላሉ። ይህ ወግ ነው። በጽሑፍ የሚታወቀውን ብንናገር ግን፣ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ አገሩ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ጥሬ ሥጋችን ሲጽፍ የለንደን ሰዎች «ውሸታም» ብለው ሳቁበት። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ደግሞ በቤተ መንግሥት ግብር ላይ ጥሬው ሥጋ በእንጨት ተንጠልጥሎ በአሽከሮች ትከሻ በእንግዶች መሐል እንደሚያልፍና እያንዳንዱ በራሱ ቢላዋ እየቆረጠ እንደሚበላ ብዙ እንግዶች ጽፈዋል። እንግዲህ ጥሬ ሥጋ የጌትነትም የጀግንነትም የበዓልም ምልክት ሆኖ ኖሯል። ጋሼ ያን ቁራጭ ሲዘረጉ የዘረጉት ይህን ሁሉ ነው። የወጣቱ እጅ ሲሰበሰብ ያዘኑትም ለዚህ ነው። እኛ ሐዘናቸው ይገባናል።

በዓለም ላይ ጥሬ ሥጋ የምንበላው እኛ ብቻም አይደለንም። ፈረንሳዮች የተከተፈ ጥሬ የበሬ ሥጋ ይበላሉ። ሊባኖሶች ኪቤ ናዬ የሚሉትን ጥሬ ክትፎ በእንግዳ ፊት ያቀርባሉ። ጃፓኖችም ይበላሉ። ግን ይህንንም ልብ በሉ፦ እ.ኤ.አ. በ2011 ጃፓን ውስጥ ጥሬ የተከተፈ የበሬ ሥጋ ከበሉ ሰዎች መካከል አምስቱ ሞቱ። መንግሥት ደንቡን አጠበቀ፤ እ.ኤ.አ. በ2012ም የበሬ ጉበት በጥሬው እንዳይሸጥ ከለከለ። ጥሬ ወዳድ አገር ራሱ «እዚህ ላይ ይብቃ» ያለበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

ክቡ መንገድ

መምህራን ማሰልጠኛ ሳለን የሳይንስ መምህራችን በጥቁር ሰሌዳ ላይ አንድ ክብ ይሥሉልን ነበር። እኛም ዛሬ ለስደተኛ ልጆቻችን ያንኑ ክብ እንሥላለን። ከፋሲካው በኋላ ትምህርት ሲከፈት መጀመሪያ የሣልነው እሱን ነው።

ከክቡ ላይኛው ጫፍ ሰው አለ። ሰውየው አንጀቱ ውስጥ የኮሶ ትል ይዟል። ትሉ እንደ ሰንሰለት በብዙ ቁራጮች የተያያዘ ነው፤ አራት አምስት ሜትርና ከዚያም በላይ ይረዝማል። እንቁላል የተሞሉት ቁራጮች ከሰውየው ሰገራ ጋር ይወጣሉ። ሰውየው ሽንት ቤት ሳይሆን ሜዳ ላይ ከተቀመጠ እንቁላሉ ሣሩ ላይ ይቀራል። በሬው ሣሩን ይግጣል። እንቁላሉ በበሬው ሆድ ተፈልፍሎ በደሙ ይጓዝና ጡንቻው ውስጥ ገብቶ የሩዝ ቅንጣት እስከ አተር የሚያህል ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይሆናል። ያንን ሥጋ በጥሬው ወይም በደንብ ሳይበስል የበላ ሰው ከረጢቱን አብሮ ይውጣል። ሁለት ሦስት ወር ሲሆነው ትሉ አድጎ ቁራጭ መጣል ይጀምራል። ክቡ ገጠመ።

ይህንን ስንጨርስ ከኋላ የተቀመጠች የ5ኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ እንግዲያው ጥፋተኛው በሬው አይደለማ? እኛ ነን የሰጠነው» አለች። እውነትም ይህ ትል ከሰው በቀር የሚያድግበት ሌላ ቤት የለውም። በሬው የተሰጠውን ነው የመለሰልን። ሳሩን አይቶ ገደሉን ያላየው በሬ ሲባል እንሰማለን፤ እዚህ ላይ ገደሉን የቆፈርነው እኛው ነን። ስለዚህ የሥጋ አበሳሰል ጉዳይ ከማብሰያ ቤት ብቻ ሳይሆን ከሽንት ቤትም ይጀምራል። በካምፑ ብሎክ ውስጥ ሽንት ቤት ሲሞላ ወይም ሲፈርስ «ሜዳው ሰፊ ነው» የሚል ሰው ካለ ይህን ክብ ሣሉለት።

ክቡ የሚቆረጥባቸው ሦስት ቦታዎች አሉ። አንደኛው ሽንት ቤት ነው። ሁለተኛው የሥጋ ምርመራ ነው። ሦስተኛው እሳት ነው። «ማኅተም አለበት እኮ» ብሎ ልቡን የሚጥል ብዙ ሰው ስላለ ስለ ሁለተኛው እንናገር። መርማሪው ልብን፣ ምላስን፣ የመንጋጋን ጡንቻና ሌላውንም ሰንጥቆ ያያል። ብዙ ከረጢት ያለበትን በሬ ይይዛል። ጥቂት ብቻ ያለበት ግን ሊያመልጠው ይችላል፤ አንድን በሬ ሙሉ ለሙሉ ከትክቶ ማየት አይቻልምና። ማኅተም የሌለበት ሥጋ መግዛት ትልቅ ስሕተት ነው። ማኅተም ያለበትን በጥሬው ልብላ ማለት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ማኅተሙ የተመታው ሰው ያበስለዋል ተብሎ ታስቦ ነው።

ሚጥሚጣና አረቄ ትል አይገድሉም

ከቅርጫው በኋላ ብዙ ጊዜ የሰማነው ክርክር ይህ ነው፦ «ሚጥሚጣው ያቃጥለዋል፤ ላዩ ላይ አረቄ ከጠጣህ ይሞታል፤ ሎሚ ከጨመቅህበት ደግሞ ጨርሶ አይነካህም።» እንዲህ ቢሆን ኖሮ አያቶቻችን ኮሶ ባልጠጡ ነበር። ሚጥሚጣ ምላስን እንጂ በሥጋው ውስጥ የተቀበረውን ከረጢት አያቃጥልም። አረቄውም ሆድ ሲደርስ ተበርዟል። ሎሚም የሚነካው ላዩን ነው።

«ለብ ለብ»ስ? ክትፎ ለብ ለብ ሲባል ቅቤው ይሞቃል፣ ሥጋው ቀለሙን ትንሽ ይለውጣል፤ ውስጡ ግን ጥሬ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ምግብ ውስጡ ድረስ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት ይላል። ለብ ለብ እዚያ አይደርስም። ከትል አንጻር ለብ ለብ የጥሬ ታናሽ ወንድም ነው ብንል አላጋነንም።

በክትፎ ላይ ሌላም ነገር አለ። አንድ ወጥ የሆነ ብልት ላይ ባክቴሪያ ቢኖር አብዛኛው ያለው ላዩ ላይ ነው፤ ሲጠበስ መጀመሪያ እሳት የሚያገኘውም ላዩ ነው። ሥጋ ሲከተፍ ወይም ሲፈጭ ግን የላዩ ወደ ውስጥ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1993 አሜሪካ ውስጥ በደንብ ያልበሰለ የተፈጨ የበሬ ሥጋ በዳቦ የበሉ ከ700 በላይ ሰዎች ታመው አራት ሕፃናት ሞተዋል። ፍሪጅና ተቆጣጣሪ ባለበት አገር ይህ ከሆነ፣ ጠዋት የታረደ ሥጋ በካኩማ ሙቀት ዝንብ እየዞረው እስከ ማታ ሲቆይ ምን እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም።

«ሲበስል ኃይሉ ይጠፋል» የሚሉም አሉ። አይጠፋም። በሥጋ ውስጥ ያለው ደም የሚተካው ብረትና ሰውነት የሚገነባው ፕሮቲን ከበሰለም በኋላ አለ። ራሽን ብቻ ለሚበላ ልጅና ለእናቱ ትንሽ የበሰለ ሥጋ ትልቅ ነገር ነው።

የበሬው ብቻ አይደለም

በካምፕ የምንበላው ብዙውን ጊዜ ፍየል ነው፤ የአካባቢው ሰዎች አምጥተው የሚሸጡልን። «ፍየል ኮሶ የለባትም» የሚባለው እውነት ነው፤ ይህ የተናገርንለት የኮሶ ትል የከብት እንጂ የፍየል አይደለም። ግን ከዚያ ተነስቶ «እንግዲያው ዱለቷን በጥሬው» ማለት አይቻልም። በፍየልና በበግ ሥጋ ሌላ በዓይን የማይታይ ጥገኛ ነፍስ ሊኖር ይችላል፤ ቶክሶፕላዝማ ይባላል። ጤነኛ ሰው ይዞት ላያውቀው ይችላል። ነፍሰ ጡር ሴት በእርግዝናዋ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ከያዛት ግን ወደ ጽንሱ ተሻግሮ የልጁን ዓይንና አንጎል ሊጎዳ ይችላል። በቅርጫው ዕለት ያ ወጣት ለሚስቱ የተሟገተላት ነገር የፈረንጅ ቅንጦት አልነበረም። «እናትህ አልበላችም?» ለሚለውም መልሱ፣ ብዙ እናት በልታ ምንም አልሆነችም፤ የሆነችው ግን ከምን እንደመጣባት ሳታውቅ ቀርታለች የሚል ነው።

በዳዳብ የነበራችሁ ደግሞ የሪፍት ቫሊ ትኩሳትን አትረሱትም። ይህ በሽታ መጀመሪያ የታወቀው እዚሁ ኬንያ ውስጥ፣ ናይቫሻ ሐይቅ አጠገብ ባለ የበግ እርባታ፣ እ.ኤ.አ. በ1930 እና በ1931 ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ ከባድ ዝናብ ከጣለ በኋላ በጋሪሳና በአካባቢው ተነስቶ እስከ 2007 ድረስ በኬንያ ከ150 በላይ ሰው ገድሏል። ትንኝም ያስተላልፈዋል፤ ብዙ ሰው ግን የሚያዘው የታመመ እንስሳ ሲያርድ፣ ሲገፍና ጥሬ ሥጋውንና ደሙን ሲነካ ነው። ስለዚህ ከጎርፍ በኋላ ፍየሎች ሲያስወርዱና ሲሞቱ ካያችሁ አትረዱ፤ ለእንስሳት ሐኪም ወይም ለጤና ሠራተኛ ንገሩ።

አባ ሰንጋንም እናውቀዋለን። «ሳይሞት ቢላ አድርሰንለታል» ተብሎ የታመመ ከብት ታርዶ ስንት ቤት አልቅሷል! የአባ ሰንጋን ዘር ተራ የማብሰል እሳት አስተማማኝ በሆነ መንገድ አይገድለውም። ታምሞ የታረደን ወይም የሞተን እንስሳ አብስሎ መብላት መፍትሔ አይደለም። ርካሽ ሥጋ ድንገት ሲመጣ «ለምን ረከሰ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ከባህሉ ግማሹን ይዘን መጣን

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። አያቶቻችን ጥሬ ሥጋ ሲበሉ ትል እንደሚይዛቸው ያውቁ ነበር። ስለዚህ በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ ይጠጡ ነበር። የኮሶ ዛፍ የደጋ ዛፍ ነው፤ ቀላ ያለው የሴቴዋ አበባ ደርቆ ይወቀጥና በውሃ ተበጥብጦ በባዶ ሆድ ይጠጣል። ምሬቱን የቀመሰ ያውቀዋል፤ እስከ ዛሬ ፊቱ የተኮሳተረን ሰው «ኮሶ የጠጣ ይመስላል» የምንለው ለዚህ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓውያን ሳይቀሩ ወደ አገራቸው ወስደው በመድኃኒት ቤት ይሸጡት ነበር። የሚገርመው፣ ዛፉ እዚሁ ኬንያም በኬንያ ተራራ ደኖች ውስጥ ይበቅላል።

እንግዲህ ጥሬ ሥጋና ኮሶ የአንድ ባህል ሁለት ግማሾች ነበሩ። እኛ ስንሰደድ ጣፋጩን ግማሽ ይዘን መራራውን ጥለን መጣን። አገር ቤት ደግሞ ሥጋ ቆራጩን በስሙ እናውቀዋለን፤ በሬው ከየት እንደመጣ እንጠይቀዋለን፤ ሥጋው በዚያው ጠዋት የታረደ ነው። እዚህ በሬው ከየት እንደተነዳ፣ የት እንደጋጠ የምናውቀው ነገር የለም። ስለዚህ «አባቶቻችን በልተው ምን ሆኑ?» ስንል የአባቶቻችንን ጥንቃቄ ሁሉ አውልቀን ቢላቸውን ብቻ ነው የያዝነው።

ታዲያ ወደ ኮሶ እንመለስ ማለታችን አይደለም። ኮሶ መጠኑ ሲያልፍ ሰውን ክፉኛ ይጎዳል፤ በተለይ ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው። ዛሬ የኮሶ ትልን ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ የሚባል ክኒን አንድ ጊዜ በመውሰድ ማስወጣት ይቻላል። ክኒኑን ግን ሐኪም ይዘዘው። ለልጆች ለሌላ ትል የሚታደለው ክኒን ሁሉ ይህን ትል አያስወጣም።

ያቺን ቀን እንዳናበላሽ

ለካምፕ ኑሮ የሚሆን ጥቂት ነገር እንናገር።

ሥጋ በታረደበት ቀን ይብሰል። ጥላ ውስጥ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ይቆይ። እንጨትና ከሰል ውድ ነውና ሥጋውን ትንንሽ አድርጋችሁ ቁረጡት፤ ድስቱን ክደኑት፤ ከትልቅ ቁራጭ በፊት ቶሎ ውስጡ ድረስ ይበስላል። ቴርሞሜትር የሌለን ሰዎች ትልቁን ቁራጭ ሰንጥቀን እንይ፤ መሐሉ ቀይ ከሆነ ወይም ደም ያዘለ ውሃ ከወጣው ይጨመርለት።

ክትፎ የናፈቀው ሰው ክትፎውን አይተው። ቅቤውን፣ ኮረሪማውንና ሚጥሚጣውን እንደልማዱ አድርጎ ሥጋውን ቀይነቱ ጨርሶ እስኪጠፋና ከዳር እስከ ዳር እስኪሞቅ ያምሰው። የናፈቀን የቅቤና የኮረሪማ ሽታ እንደሆነ ያኔ ታውቁታላችሁ።

ጥሬ ሥጋ የተቆረጠበት ቢላና ገበታ በሳሙና ሳይታጠብ ቲማቲምና ሽንኩርት አይከተፍበት። ቾማውን አብስለን ካቹምባሪውን በጥሬው ደም ከበላን ምን ለፋን? ቋንጣም ቢሆን ደርቋል ተብሎ በጥሬው አይበላ፤ ወጥ ውስጥ ገብቶ ይብሰል። የተረፈ የበሰለ ሥጋ ያለ ፍሪጅ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ፤ ስለዚህ የሚበላውን ያህል ማብሰል፣ የቀረውን ለጎረቤት ማካፈል ይሻላል። ይህ ደግሞ ድሮም ልማዳችን ነው።

ልብሱ ወይም ሰገራው ላይ ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ የዱባ ፍሬ የመሰለ ነገር ያየ ሰው ወደ ክሊኒክ ይሂድ። አይፈር። ነውር የለበትም።

ጋሼ

ስለ ማፈር ካነሳን የቅርጫውን ነገር እንጨርስ። ያን ዕለት ጋሼ ያቺን ቁራጭ ራሳቸው በሏት፤ ሌላም ደገሙ። ከእኛም ውስጥ አብሮ የበላ አለ፤ እኛም ራሳችን አንዲት ጉርሻ አልቀረችብንም፤ ፊታቸውን አይተን እምቢ ማለት አቃተን። በሐምሌ ወር አንድ ማታ ጋሼ ቤታችን መጡ። ሻይ ቀረበላቸው፤ አልነኩትም። ልጆቹ እስኪወጡ ጠበቁና «መምህር፣ ያ በሰሌዳ የምትሥሉት ክብ…» ብለው ዝም አሉ። ገባን። ሁለት ሳምንት ሙሉ ለማንም ሳይናገሩ ቆይተው ነበር። ከዚያው ሥጋ ይሁን ከሌላ ቀን ማንም ሊያውቅ አይችልም። በማግሥቱ አብረናቸው ሄድን፤ ክኒኑን ወሰዱ፤ ዳኑ። እኛም አብረን ተመረመርን። ይህን እንድንጽፍ የፈቀዱት እርሳቸው ናቸው፤ «ሌላው ሰው ሁለት ሳምንት እንዳይደበቅ ጻፉት፤ ስሜን ግን ተዉት» አሉን።

ያቺ ነፍሰ ጡር ልጅ በሰላም ተገላገለች። ሕፃኑን ክርስትና ሲያነሱ ከተጠሩት አንዱ ጋሼ ነበሩ።

ዘንድሮም ቅርጫ ገባን። ጋሼ እንደ ወትሮው ቢላቸውን ሳሉ። ከሻኛው ቆረጡ። ብርሃን ላይ አንስተው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ትንሹን ልጃችንን ጠሩና «በል፣ ያ ቾማህን አቀጣጥል» አሉት። ሥጋው ሲንጫጫ ከአጠገቡ ተቀምጠው ሲያገላብጡ ቆዩ። ሲቀምሱት «እህ» አሉ፤ ደስ እንዳላቸው ሳይሆን እንዲሁ። እንደ ድሮው አልሆነላቸውም። የመጀመሪያውን ጉርሻ ግን ለዚያው ወጣት ነው የዘረጉት። በዚህ ጊዜ እጁን አልሰበሰበም።

ቸር እንሰንብት።